ካምሻፍቱን ማን ይቀይረው?

ለባለቤቴ ለታደለች፤

ካለሽበት ሰላም ሁኚ። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። በሕይወት ሳለሽ አንድም ጽፌልሽ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ስቆይ እንኳ መልእክት የምልክልሽ በሾፌሮች አፍ ነበር። አሁን አንቺ ወዳለሽበት የሚሄድ ሾፌር የለም። ከተለየሽን ወዲህ የጫኖ መንደር ማንጎ ሁለት ጊዜ ደርሶ ተለቅሟል።

ቤቱ እንደነበረ ነው። የሲቀላ ሰፈር መንገዳችን ኮብልስቶን ተነጠፈለት። ዕድሜ ልክሽን ጭቃውን ስታማርሪ ኖረሽ ድንጋዩን ሳትረግጪው ሄድሽ። ልጃችን ምሕረት ሴቻ ሰፈር ቤት ተከራይታ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ወጥ ትሠራልኛለች። ለደም ግፊትህ ነው እያለች ጨው ታሳንሳለች፤ እኔም እበላዋለሁ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ መኪናችን ነው።

ከዝናቡ በፊት ከጫኖ ሙዝ ጭኜ ወደ ወላይታ ስወጣ ዳገቱ ላይ አቅም አጣች። አጨሰች፣ ማንኳኳትም ጀመረች። ሙዙን በሌላ መኪና አስጭኜ ባዶዋን እያዘገምኩ መለስኳት። የሞተሩን ክዳን ከፍቼ ጣቴን ስሰድ ካምሻፍቱ ተበልቷል። አንቺ “የቫልቭ ረጋጭ” የምትይው ዘንግ ነው፤ ከጉብታዎቹ አንዱ አልቆ እንደቀረ ሳሙና ሆኗል። አዲሱን አንድ የድሮ ባልንጀራዬ ከአዲስ አበባ ላከልኝ። በግሪስ ተለውሶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ነው የመጣው። አልጋው ላይ በአንቺ በኩል አስቀመጥኩት፤ ሌላ ንጹሕ ቦታ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚለኝ፦ ጋራዥ ውሰዳት። ምሕረት አለች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ሞተሩ ላይ ጸለዩ፤ አሜን ካሉ በኋላ እነሱም ጋራዥ ውሰዳት አሉኝ። ጸሎቱን ታዲያ ምን አመጣው? መካኒኩን ቶማን ታስታውሺዋለሽ፤ ሙሽሪቱን ከኦቾሎ መንደር በእኛ መኪና ያመጣንለት ነው። እሱ ደግሞ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ “ጋሼ፣ ሚስትን እንኳ ሐኪም ያያታል፤ ለመኪና ነው የሚቀኑት?” አለኝ። ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ። አንቺ ትዝ ብለሽው መሰለኝ።

ይህች መኪና ከእኔና ከአንቺ በቀር የሌላ ሰው መፍቻ ገብቶባት አያውቅም። ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ስለዚህ እኔው እቀይረዋለሁ አልኩ። የካምሻፍቱ ጥርስ በአንዲት እንኳ ተዛንፎ ቢገባ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩ እንደሚያልቅለት አውቃለሁ። ሌላ ሞተር ከየትም አላመጣም። እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ ማለት ነው።

ምዕራብ ዓባያ መንገድ ዳር ይህንኑ ሥራ ስንሠራ ትዝ ይልሽ ይሆን? አንዱ ከታች ተኝቶ ሞተሩን በትልቁ መፍቻ ቀስ እያለ ያዞራል፤ ሌላው ከላይ ቆሞ ጥርሱ ላይ ያለው ምልክት ከሞተሩ ምልክት ጋር ሲገጥም ቁም ይላል። ነጠላሽን መሪው ላይ አስረሽ ከታች ገባሽ። እኔ ከላይ ጨምሪ፣ ተይ፣ መልሺ እያልኩ ስጮህ መንገደኛው ይቆም ጀመር። “ቀስ በል እንጂ፣ ሰዉ የምትደበድበኝ ይመስለዋል” አልሽኝ ከሥር።

አሁን አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ለመግጠም ብቻዬን ሞከርኩ። ከታች ጥቂት አዙሬ ወጥቼ አያለሁ፤ ምልክቱ የለም። ያለፈ እየመሰለኝ ተመልሼ እገባለሁ። ወገቤ እምቢ እስኪል እንዲህ ሆንኩ። ቅዳሜ ምሕረት መጣች። ሳልጠይቃት ጆንያ አንጥፋ ከታች ተኛችና ታዞር ጀመር። እኔ ከላይ ቆምኩ። ምልክቱ የለም። ጥርሱን በጨርቅ ጠረግኩት፣ መነጽሬንም ጠረግኩ። የለም። ደረሰ ወይ ትለኛለች፤ አዙሪ እላታለሁ። በመጨረሻ ወጥታ አጠገቤ ቆመችና ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

“አባዬ፣ ይኸው እኮ ነው” አለች።

ጣቷን አየሁ። ከጣቷ ሥር ያለውን አላየሁም።

የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ትላለች። እኔ ልይልህ፣ አንተ አዙር ብትለኝ እምቢ አልኳት። በሰው ዓይን ሞተር አልገጥምም አልኩ። አልተቆጣችም፤ ይበልጥ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ሞተሩን በአንሶላ ሸፍኜ ስንት ቀን በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። በዳበሳ ልግጠመው? ብሳሳትስ? ልተወው? ዝገት ይበላታል። አንቺ ብትኖሪ ተነስ ትይኝ ነበር፤ ወይም ተው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትይ እንኳ ማወቅ አቃተኝ።

በመጨረሻ ለቶማ ደወልኩ። አልቀለደብኝም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጋራዡ ዝግ በሆነበት ሰዓት ብቻውን መጣ፤ ሰው እንዳያየኝ አስቦ ነው። የራሱን መፍቻ አላመጣም፤ የእኛን ጠየቀኝ። ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለና ከታች የሚያዞር ሰው እፈልጋለሁ አለ። ምሕረት ተነሣች። ተቀመጪ አልኳት፤ እኔ ገባሁ።

ታደለች፣ ከታች ምንም አይታይም። የቶማ ጫማና የዘይት ጠብታ ብቻ ነው። ይጨምሩ ሲለኝ ጨመርኩ፣ በቃ ሲለኝ አቆምኩ። ልክ ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እጄ መፍቻው ላይ ሆኖ የሰው ቃል ስጠብቅ ዋልኩ።

ሞተሩ ተነሣ። ቶማ ደህና ናት አለ፣ ምሕረትም ደህና ናት አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ቶማ የመኪናዋን ቁልፍ ሲመልስልኝ ማን እንደሚነዳት አልጠየቀኝም። ምሕረትም አልጠየቀችኝም። ሁለቱም ወደ መሬት ነበር የሚያዩት። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት፤ እስካሁን እዚያው ነው። ምን እንደማደርግበት አላውቅም።

ሰዎች አንቺን ሲያነሱ ዝማሬሽንና እንግዳ አቀባበልሽን ያነሳሉ። እኔ ግን እስክመጣ ድረስ የማስታውስሽ እዚያ መንገድ ዳር ነው፤ ጀርባሽ አፈር ላይ ሆኖ፣ ምንም ሳይታይሽ፣ እኔን አምነሽ ስታዞሪ።

ባልሽ