የስፌት መኪናዬን ላስመልስ ወርጃለሁ

አንቺ እህቴ፣

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀሽ ጠጪ።
እኔ የስፌት መኪናዬን ላስመልስ ታች ጎረቤታችን ጋ ወርጃለሁ። በደረጃው፣ በገዛ እግሬ! አልመልስም ካለችም እዚያው እሰፋበታለሁ።

ሐኪሙ «እማማ፣ ቁርጥማት ቁጭ ሲሉለት ይብሳል፤ እጅዎን ያሠሩት» ሲለኝ አጠገቤ ቆመሽ «አዎ፣ አዎ» ስትዪ አልነበር? በማግስቱ ሸለብ እስኪያደርገኝ ጠብቀሽ መኪናዬን ለሰው ሰጠሽ። ለእኔ አዝነሽ! ስንት ሙሽራ ያለበስኩበትን መኪና!

የሹራቤን ቁልፍ አንቺ ትቆልፊያለሽ፣ ዳቦዬን አንቺ ትቆርሻለሽ፣ ብድግ ባልኩ ቁጥር «እትዬ፣ ተቀመጪ!»
ጣቶቼ ታመሙ እንጂ አልሞቱም። በቁሜ አትቅበሪኝ።

ትናንት ማታ ያልኩሽን ማለት አልነበረብኝም።
አንቺም መኪናዬን መስጠት አልነበረብሽም።

ጽሑፌ የተንጋደደው በንዴት ነው፣ በቁርጥማት አይደለም።

ደግሞ የማሩን ክዳን ዛሬም እንደ ልማድሽ አላልተሽልኝ አገኘሁት። በእነዚሁ ጣቶቼ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼዋለሁ።
መክፈት ካቃተሽ ተቀመጪና ጠብቂኝ። ስመለስ እከፍትልሻለሁ።