ከወደቀው ግንድ ሥር የወጣችው ጥንዚዛ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ዓይንዎስ? የሰዓት መጠገኛው ሱቅ መስኮት ብርሃን አያስገባምና አደራ፣ ወደ በሩ ጠጋ ብለው ይሥሩ። እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ የነሳኝም ደስታ ስለሆነ አይስጉ።

አባባ፣ ከቤት ስወጣ «ነፍሳት መልቀም ደግሞ ምን ሥራ ነው? አንድ ዓመት ሰጥቼሻለሁ፤ ካልሆነ መጥተሽ የሰው ሥራ ትማሪያለሽ» ማለትዎን አልረሳሁም። እውነቱን ልንገርዎት፤ በአራተኛው ወር ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። በመርፌ ወግቼ ያደረቅኋቸውን ሦስት መቶ ያህል ነፍሳት ጉንዳን በአንድ ቀን ሙልጭ አድርጎ በላቸው። የጠረጴዛውን እግሮች ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሚ ተብዬ፣ ነገ ነገ ስል የከረምኩት እኔው ነኝ። ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የሚያስተምሩኝን ሽማግሌ ሁላችንም «ጋሼ ቀስ በሉ» ነው የምንላቸው፤ ቃሉ ከአፋቸው አይጠፋም። አልተቆጡኝም። አጠገቤ ተቀምጠው ባዶዎቹን መርፌዎች አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ «ልጄ፣ አንቺ መረብ ይዘሽ ስትሮጪ ጫካው ሁሉ ይሸሽሻል። አንድ ቦታ ቁጭ በይ፣ እነሱ ይምጡልሽ። የያዝሽውን ደግሞ የት፣ መቼ፣ ምን ላይ እንዳገኘሽው እዚያው ጻፊ። ይህ ካልተጻፈለት ጠርገሽ ጣይው» አሉኝ። ሻንጣዬን ፈታሁ።

ከሁለት ወር በፊት ዝናቡ ሲያባራ አንድ የወደቀ ግንድ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ጀርባዋ እንደ መዳብ የሚያበራ ጥንዚዛ ከእንጉዳይ ሥር ብቅ አለች። ያዝኳት፤ ጻፍኩላት። ጋሼ በአጉሊ መነጽር ደጋግመው አዩዋት። ከተማ ላሉት ባለሙያዎች ላኳት። ሰኞ ዕለት መልሱ መጣ፦ እስከዛሬ ማንም አይቷት አያውቅም! ብቻ አንዲት አትበቃንም፣ ሌላ ፈልጉ ብለዋል።

አባባ፣ በዚያ ሁሉ ጫካ ውስጥ የሩዝ ፍሬ ፈልጉ! ማስታወሻዬን ብገልጥ ግን «ከጅረቱ ሁለተኛ መሻገሪያ አርባ እርምጃ፣ የወደቀ ግንድ፣ ቢጫ እንጉዳይ» ይላል። በማግስቱ ሄድን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ጉንዳን እግሬን ቢነክሰኝም አልተነቃነቅሁም። ድንገት አንዷ ወጣች። ሌላ ተከተለች። አምስት ሆኑ! ጠርሙሱን በቀስታ ስከፍት ጋሼ ቀስ በሉ ዱላቸውን ወርውረው «ቶሎ በይ እንጂ! ፍጠኚ!» ብለው አይጮሁ መሰለዎት! በሳቅ ፈረስኩ፤ ደግነቱ አንዷም አላመለጠችኝ።

ስንመለስ «በሚመጣው ዓመት ሁለት አዲስ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ የምታስተምሪያቸው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ስለዚህ አባባ፣ ቢቆጡም ይቆጡ እንጂ አልመጣም። ሥራዬን አገኘሁት።

እማዬን በጣም ናፍቃሻለች ይበሉልኝ፤ የጉንዳኑን ነገር ግን አደራ እንዳትሰማ። ታላቅ ወንድሜን ከነባለቤቱ፣ አክስቴንም ከነሳቋ ሰላም ይበሉልኝ። ታናሽ እህቴን ደግሞ ዓይኗን ይሳሙልኝና አልጋዬን ይስጧት፤ ፍራሽ መሬት ላይ መዘርጋቱ ይብቃት።

ናፋቂ ልጅዎ

ከጫካው ዳር፣ ከነፍሳት ጥናት ጣቢያ
ግንቦት ፲፪ ቀን