ባዶ የቀረው ተራ ቁጥር አንድ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ሻል አለዎት? እማዬንስ ሳሉ ተዋት? የቡታጅራ በርበሬ ዘንድሮ እንዴት ያዘ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ንዴት ግን ይዞኛል። በስልክ ብነግርዎ ድምፄ ከፍ ብሎ በእርስዎ ላይ የጮኽኩ እንዳይመስል ብዬ ነው የጻፍኩት።

አባዬ፣ እዚህ ጉርድ ሾላ፣ ሱቄ ፊት ለፊት ያለው የመኪና ማቆሚያ ክፍያ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። የቅጣቱ ነገርማ አይወራ! እንደሚያውቁት ሥራዬ የልብስ ስፌት ማሽን መጠገን ነው፤ ማሽን ደግሞ በፌስታል ተንጠልጥሎ አይመጣም። ባለፈው ሳምንት ብርነሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ደንበኛዬ ከጎሮ ማሽኗን በመኪና አመጣች። እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ይዘን ሱቅ አስገብተን ስንመለስ የቅጣት ወረቀት መስታወቱ ላይ ጠበቀን። ቅጣቱ ለጥገናው ከምጠይቃት ይበልጣል! እንዳልቀየማት ለምናኝ፣ ከእንግዲህ እዚያው ሰፈሯ እንደምታሠራ ነግራኝ ሄደች። በዚህ ወር እንዲህ ብለው ከቀሩብኝ እሷ አምስተኛዋ ናት። በዚህ ከቀጠለ ሱቁን መዝጋቴ ነው።

መንገድ ዘግቶ ቀኑን ሙሉ የሚያቆም ይቀጣ፣ እሰየው! ዕቃ የሚያወርድ ሰው ግን ምን አጠፋ? ሲጨምሩ ማንም አላማከረን፤ ሲቀጡ ግን ከየት ብቅ እንደሚሉ አይታወቅም።

ስለዚህ የአካባቢው ነጋዴዎች አቤቱታ እናስገባ ተባባልን። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላት ዕፀገነት አሳምራ ጻፈችው፤ ከሥሩም ለፊርማ ተራ ቁጥር አወጣችለት። ወረቀቱ ከሱቅ ሱቅ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ ተራ ቁጥር አንድ ባዶ ነበር። ታላቅ ሳለ አልቀድምም፣ ለቀለም ነጋዴው ለጋሽ ገብረወልድ ይሁን ብዬ ወረድ ብዬ ፈረምኩ። ጋሽ ገብረወልድም ከእኔ የሚበልጥ አይጠፋም ብለው መጨረሻ ላይ ፈረሙ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ፈርመን የመጀመሪያው ቦታ ባዶውን ቀረ! ሐሙስ ዕለት ወደ ወረዳው ቢሮ ስንወስደው፣ ጸሐፊዋ በማን ስም ልመዝግበው ብላ መለሰችልን።

ደጅ ወጥተንም ያው እርስዎ ይቅደሙ፣ ኧረ በሞቴ አንተ ቅደም መባባል ሆነ። ደሜ የፈላው ይሄኔ ነው። አክብሮት የመሰለኝ ለካ ፍርሃት ኖሯል፤ የእኔም ጭምር። አንደኛ የፈረመ አስተባባሪ ይባላል፣ ነገ ንግድ ፈቃድ ሲያሳድስ ይንገላታል ብለን ነው። ዕፀገነት አርብ በአዲስ ወረቀት አተመችውና እስክሪብቶውን ቀድሜ አነሣሁ።

መንግሥት ቤት በሚገባ ወረቀት ላይ ስምህን አታስቀድም ብለው እንደመከሩኝ አልረሳሁም። የእኔ ስም ግን ብቻውን አይጻፍም፤ ሳላስፈቅድዎ የእርስዎንም አስቀደምኩት። ወረቀቱ ነገ ሰኞ ይገባል። አጥፍቻለሁ ካሉ ይቆጡኝ፤ ስምዎን ግን አልሰርዘውም። ዱዓ ያድርጉልኝ።

የእማዬን ጉልበት ስሜያለሁ። ናዲያን የላክሽው ቅቤ ደርሶታል ይበሉልኝ። ሐምዛ በትምህርቱ ይበርታ፤ ጎረቤታችንን ሙዘሚልንና ልጆቹን ሰላም ይበሉልኝ።

ተራ ቁጥር አንድ፣ ልጅዎ
ሚስባህ ሰይድ

ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.