የአልማዝ ባና

መስከረም 20 ቀን 2000፣ ሞላሌ

ከባድ ዜና፦ ዛሬ በቤታችን ጦርነት ታወጀ። እህቴ አልማዝ ቆላ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ነገ ትሳፈራለች። አባባ የበግ ፀጉር ባናዋን ካልያዘች አትሄድም አሉ። እሷም፣ «በዚያ ሙቀት ይህን የሚያህል ብርድ ልብስ ተሸክሜ ሰው ይሳቅብኝ!» ብላ አለቀሰች።

እኔ ስምንተኛን ወድቄ የቀረሁት ግን እጅ አልሰጥም። በጠራራ ፀሐይ ባናውን አባባ ላይ ደረብኩባቸው።

«ቆላ ማለት ይኸው ነው። ሞቀዎት?»

«እኔን? እንዲያውም በርዶኛል!» ላባቸው ካፍንጫቸው ይንጠባጠባል።

«እንግዲያው ካፖርትዎን ልጨምርልዎት?»

«አንተ ሰይጣን! አንሳልኝ፤ ያለ ባናዋ ትሂድ!»

አሸነፍን። አባባ ግን እስካሁን ባናውን ታቅፈው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ምነው አኮረፉ? ጦርነቱ እኮ ስለ አንድ ብርድ ልብስ ነበር።