ለዜሮ ቀን የሚሆን ስኪ

ኖቬምበር 9

ሌሊቱን በረዶ ጥሏል። ስስ ነው፣ እስከ ከሰዓት አይቆይም። ቢሆንም ምድር ቤት ወርጄ በረዶ ላይ የምሄድባቸውን ስኪዎቼን ከየችንካራቸው አወረድኩ፣ ጠረግኩ፣ መልሼ ሰቀልኩ። በየዓመቱ የማደርገው ነው።

ባሌ ሃልቫርድ ኩባያውን ይዞ ደረጃው ላይ ቆሞ ያየኛል። "የሰው ሚስት ጫማ ታጠራቅማለች" አለ።

"ጫማ ዳገቱን ያወጣሃል?"

"ለሁሉም በረዶ የሚሆን አንድ ስኪ ወጥቷል እኮ። ሥሩ ላይ ፀጉር ያለው። ሰም እንኳን አይፈልግም።"

ለሁሉም ይሆናል የሚሉት ነገር ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለትኩስ በረዶ አለኝ። ለቆየውና እንደ ደቃቅ ጨው ለሆነው አለኝ። ለግግሩ፣ ከቱቦ የሚወጣ ሙጫ የሚቀባው አለኝ። ፀደይ ሲገባ ውሃ ላዘለውም አለኝ። የጎደለኝ የዜሮ ቀን ስኪ ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ችንካር ለሱ ባዶ ነው። ቴርሞሜትሩ ዜሮ ላይ ቆሞ እርጥብ በረዶ ሲጥል፣ ዳገት ላይ እንዲይዝ ከሥሩ የሚቀባው ሰም ምንም አይሠራም። ወይ ወደ ኋላ ያንሸራትታል፣ ወይ በረዶው ሥሩ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ፋሲካ ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ለዚያ ቀን ሥሩ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ስኪ ነው የሚያስፈልገው።

የመጀመሪያው ችንካር ላይ ሰማያዊዎቹ… የጽኑ ብርድ። በተጋባን ክረምት ሃልቫርድ ራሱ መርጦ የገዛልኝ። ስኪ በክብደት ነው የሚመረጠው፤ መሃሉ ቅስት ስለሆነ ወለሉ ላይ መተኛት የለበትም፣ ቆመውበት ከሥሩ ያስገቡት ወረቀት መንቀሳቀስ አለበት። ዛሬ ሞከርኩ። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም። ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም፣ ከሁለተኛው ልጅ በኋላ እንዲሁ ነው። ግን ቦታቸውን አልነጠቅኳቸውም።

"ስኪው አላረጀም" አለ ሃልቫርድ። "አንቺ ነሽ የከበድሽው።"

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ኖቬምበር 23

ለዜሮ የሚሆን ያገለገለ ስኪ አለ ተብዬ ከሸለቆው ማዶ ድረስ ነድቼ ሄድኩ። ድርቅ ያለ ነገር! ሁለት ሰው ቢቆምበትም አይተኛም። ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ።

ስመለስ ፔደር ሱቅ ገባሁ። ፔደር ስኪ ከመሸጡ በፊት ደንበኛውን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ይመዝናል፤ ማንም አይቀየመውም። "ለዜሮ የምትፈልጊው ለስላሳ ነው" አለኝ። "ስትቆሚበት ሆዱ መሬት የሚነካ፣ የተፋቀው ቦታ በረዶውን እንዲይዝ። ታገሺ፣ ይመጣል።"

እየታገስኩ ነው እኮ። ስንት ክረምት?

ዲሴምበር 5

ሃልቫርድ ምድር ቤት ወርዶ ራሱ ሰም ቀባ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? ስንት ዓመት ሙሉ የሁለታችንንም የምቀባው እኔ ነኝ።

"ላግዝህ?" ብለው፣ "ተይው፣ ደስ ብሎኝ ነው" አለ።

ደስ ካለው ደስ ይበለው።

ዲሴምበር 18

ሰማያዊዎቹ የሉም። ችንካሩ ባዶ ነው።

"ፔደር ጋ ወሰድኳቸው። ማሰሪያቸው ላልቷል" አለ፣ ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሳ።

ለማልወጣበት ስኪ ማሰሪያ? አመሰገንኩት። ምኑን ነው ያመሰገንኩት?

ዲሴምበር 28

ጥርት ያለ ብርድ። ሃልቫርድ ወንድሙ ጋ እንጨት ልፈልጥ ብሎ ወጣ። ብቻዬን ላይኛው ጎጆ ድረስ ሄድኩ፣ ዋፍልና ቡና የሚሸጡበት። እንደ ሁልጊዜው የሰው ሁሉ ስኪ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከመሃል… ሰማያዊዎቹ።

ገለበጥኳቸው። የሰው ስኪ መገልበጥ ነውር ነው፣ ግን የራሴ ናቸው። ሰሙ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ያኔ ሃልቫርድ በማርከር ያሰመረልኝ መስመር እዛው አለ። አዲሱ ሰም ልክ መስመሩ ላይ ይጀምራል፣ ልክ መስመሩ ላይ ያበቃል። ጫፉ በአውራ ጣት ተዳምጦ ክብ ሆኗል። የሱ እጅ ነው። የትም ባየው አውቀዋለሁ።

በሩ ተከፈተ። የቤተ መጻሕፍቷ ቶሪል… ዋፍሏን ይዛ፣ ጃሙ ጣቷ ላይ። እኔን አየች። ስኪውን አየች።

"ውይ ጉንቮር… ያንቺ ናቸው እንዴ? ባለቤት የላቸውም ብሎኝ እኮ ነው።"

"ማን?"

ጃሙን ከጣቷ ላሰች።

"በደንብ ይሸከሙሻል?" አልኳት።

"በጣም" አለች፣ ሳታስበው። ከዚያ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

እዚህ ሸለቆ ውስጥ ወንድ የጎረቤት ሴት ቤት ቀለም ቢቀባ፣ መኪናዋን ቢጠግን፣ ማንም ነገሬ አይለውም። ስኪዋን ሰም ከቀባላት ግን አለቀ። እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። እንዴት አድርጌ ቤት እንደደረስኩ እንጃ።

ዲሴምበር 29

ጠየቅኩት። ድንች እየላጥኩ ነበር።

"ሰማያዊዎቹን ለቶሪል ሰጠሃት።"

"አዋስኳት።"

"የኔን ስኪ?"

"አይሸከሙሽም እኮ ጉንቮር! ዝም ብለው ተሰቅለው…"

"ራስህንስ? ራስህንም አዋስካት?"

ጋዜጣውን አነሳ። ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ምኑ እንደሆነ ልጻፈው። መስመሩን ማንቀሳቀስ አላስፈለገውም። ሴትየዋ ልክ ያኔ የነበርኩትን ታህላለች። የኔን ስኪ ከነመስመሩ አንስቶ ሰጣት፣ እኔ የሞትኩ ይመስል። 

ጃንዋሪ 4

ሄደ። ሻንጣ፣ ካፖርት፣ የራሱን ስኪዎች። የሰም ካውያዬን ሊጨምር ሲል ከእጁ መነጨቅኩት።

ጃንዋሪ 11

እህቴ ኢንግቦር ደወለች። "እስቲ በሞቴ፣ የምትንገበገቢው ለስኪው ነው ለባልሽ?"

"ለሁለቱም። ስኪውን ግን እንዲመልሱልኝ እፈልጋለሁ።"

"ባልሽንስ?"

"እሱ አይሸከመኝም።"

በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ቤቱ ጭር አለብኝ።

ጃንዋሪ 30

ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት። የሰማያዊዎቹ ቀን ነው። ማን እግር ሥር እንዳሉ አውቃለሁ።

ፌብሩዋሪ 2

ልጄ ማሪት ከበርገን ከተማ ደወለች። አባቷ ነግሯታል፣ መቼም በሚመቸው መንገድ።

"እማዬ፣ አባዬም ብቸኝነት ተሰምቶት ይሆናል። አንቺ ሁሌ ምድር ቤት ነሽ።"

ምድር ቤት የማንን ስኪ ስቀባ ነበር? የሱን! የሷን! ልጅ ሆና በየውድድሩ አንድ ቀን ወደ ኋላ ተንሸራትታ ታውቃለች? ይህንን አልነገርኳትም። "ብርድ እንዳይመታሽ" ብያት ዘጋሁ።

ፌብሩዋሪ 17

ሰማያዊዎቹን በራፌ ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ሰማቸው ተጠርጓል፣ ሁለቱ ባንድ ላይ በላስቲክ ታስረዋል። ያመጣቸውን አላየሁም። ቶሪል ኅሊናዋ ወቅሷት ይሆን? ወይስ ሃልቫርድ አዲስ ገዛላት? ሁለተኛው ይመስለኛል።

መጥረቢያ ይዤ ወጣሁ። መፍለጫው ግንድ ላይ አጋደምኳቸው… አልቻልኩም። እነሱ ምን አደረጉ? ጥፋታቸው ለስላሳ መሆናቸው ነው።

ፌብሩዋሪ 19

ወረቀቱን አስገብቼ እንደገና ቆምኩባቸው። እልኸኛ ነኝ። ወረቀቱ አሁንም ንቅንቅ የለም። ሆዳቸው ወለሉ ላይ ተኝቷል።

ቆይ። ሆዱ መሬት የሚነካ! ፔደር ምን ነበር ያለኝ? በየመንደሩ ስዞር የከረምኩለት ስኪ እዚሁ አጠገቤ ተሰቅሎ! እኔ ደንቆሮ! የብርድ ስኪ ነው ብዬ ከዚያ ሌላ አላሰብኩለትም።

ከተፋቀ ግን መመለሻ የለውም። ከዚያ በኋላ የብርድ ስኪ አይሆንም። በተጋባን ክረምት የተሰጠኝ ስኪ አይሆንም። በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀቱን አነሳሁ።

ከመስመሩ ጀመርኩ። ጥቁር ዱቄት ጉልበቴ ላይ ረገፈ። መስመሩ መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ጠፋ። እያለቀስኩ ነበር። እጄ ግን አላቆመም።

ማርች 14

ብርድ። ትናንትም ብርድ፣ ዛሬም ብርድ። ሰማዩም ያሾፍብኛል እንዴ?

ኤፕሪል 2፣ ስቅለት

ዜሮ! እርጥብ በረዶ ይጥላል። ብርቱካንና ቴርሞሴን ይዤ ወጣሁ። በስኪዎቹ ሥር ምንም አልቀባሁም።

ዳገቱ ላይ የሸለቆው ሰው በሙሉ አለ። አንዱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ አንዱ ከሥሩ በረዶ ይፍቃል፣ ሁሉም ይራገማል። እኔ ዝም ብዬ እወጣለሁ። ስኪዎቼ በረዶውን ይቆነጥጣሉ፣ ይይዛሉ። እንዲህ ያለ ነገር በእግሬ አድርጌ አላውቅም።

መታጠፊያው ላይ ሃልቫርድና ቶሪል። እሱ ተንበርክኮ ከስኪዋ ሥር በረዶ ይቧጥጣል። እሷ ባንድ እግሯ ቆማ ትከሻውን ይዛለች። ልቤ ድው አለ፣ ለራሴ አልዋሽም። ድሮ እንደዚያ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ቀና አለ። እኔን ሳይሆን መጀመሪያ ስኪውን አየ። አወቃቸው።

"ጉንቮር! ምን ቀብተሽ ነው?"

እንደምን ነሽ የለ፣ ይቅርታ የለ! ምን ቀብተሽ ነው!

"ምንም።"

"እንዴት ምንም? በዚህ በረዶ?"

"ማንም አልቀባልኝም፣ ሃልቫርድ።"

አልቆምኩም። ቶሪል አንገቷን ደፍታ ነበር። ከኮረብታው ጀርባ፣ ሰው የማያይበት ቦታ ስደርስ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ብርቱካኔን ልጬ በላሁ። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ይጎትታሉ፣ የዜሮ ስኪ እንዲያ ነው፤ ልጆች ሳይቀሩ አለፉኝ።

ቤት ስገባ አደረቅኳቸውና የመጨረሻው ችንካር ላይ ሰቀልኳቸው፣ ሁልጊዜ ባዶ የነበረው ላይ። አሁን ባዶው የመጀመሪያው ነው። የብርድ ስኪ የለኝም።

በዓሉ እንዳለፈ ፔደር ጋ እሄዳለሁ። ካፖርቴን አውልቄ እቆምለታለሁ፣ ከላይ እስከ ታች ደህና አድርጎ ይመዝነኝ። የምገዛው ለዛሬው ክብደቴ ነው።