ሐሰን ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰሞን

ዘይነብ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። መቃብርሽ ላይ ሣር በቅሏል። አሁን የስንዴ አጨዳ ነው፤ ጎማ የፈነዳበት ሁሉ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ቶሎ ጠግን እያለ ይጮህብኛል። እኔ ደህና ነኝ። መንትዮቹም ደህና ናቸው፤ ይመስለኛል።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። ጣሪያው አሁንም በዚያው ጥግ ያፈሳል። አልጋዬን ወደ ልጆቹ ክፍል አዛውሬዋለሁ። የሮቤ ብርድ ለብቻ አይቻልም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የጻፍኩት። ለእነዚህ ልጆች እንዴት አድርገሽ ነበር የምታነቢላቸው?

ከሻሸመኔ መናኸሪያ የገዛሽውን የተረት መጽሐፍ አንስቼ ጀመርኩ። ጅቡ አህያዋ ቤት ሳይደርስ ሐሰን አልጋው ላይ ይዘላል፤ ሁሴን ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይጮሃል። ብስኩት ገዛሁ፤ በልተው ሮጡ። በሩን ቆለፍኩ፤ በመስኮት ወጡ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ፤ መጽሐፉን የምይዝበት እጅ አጣሁ። ሐሰን ገጹን አሸተተና «አባ፣ ጅቡ ጎማ ጎማ ይሸታል» አለኝ። ተያይዘው ሳቁብኝ።

ያንቺ ዘዴ ምን እንደነበረ ጠየቅኳቸው። ሐሰን በሩ ላይ ቆመሽ ታነቢ ነበር አለ። ሁሴን ውሸት ነው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተሽ ነበር አለ። ጅቡን በኦሮምኛ ዋራቤሳ ትዪው ነበር ይላል አንዱ፤ ሌላው የለም ይላል። ጎረቤታችን ፀሐይ በግድግዳው በኩል የእግር ኮቴና ያንቺን ሳቅ ብቻ ትሰማ እንደነበር ነገረችኝ። እናትሽ ደግሞ፣ ከጎባ በመጡ ቁጥር ልጆቹ እንደ ግልገል ተኮልኩለው ያዳምጡሽ እንደነበር በአላህ ስም ማሉ።

ማንን ልመን? እኔ ራሴ ምስክር መሆን ነበረብኝ፤ ግን ስገባ ሁልጊዜ ተኝተው ነበር የማገኛቸው። አንድ ቀን ብቻ ዝናብ አባሮኝ በጊዜ መጣሁ። በር ላይ እጄን ስታጠብ ድምፅሽ ይሰማኝ ነበር። የምታነቢውን አላዳመጥኩም፤ የሥራው ግራሶ ከጣቶቼ አልለቅ ብሎኝ ከሳሙናው ጋር እታገል ነበር። ስገባ ሁለቱም ዘለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ፤ አንቺም መጽሐፉን አጠፍሽ። ከመግባቴ በፊት ተቀምጠው ይሁን እየሮጡ፣ አላውቅም።

ከአጨዳው በፊት እናትሽ መጡ። ሳነብላቸው አዩ። ሐሰን ቁምሳጥን ላይ ነበር፤ ሁሴን የእናትሽን ጫማ አድርጎ ግቢውን ይዞራል። እናትሽ «ልጄ፣ አንድ ሰው ሁለት ወጠጤ አይጠብቅም። አንዱን ስጠኝ፤ አሳድጌ እመልስልሃለሁ» አሉኝ። ክፋት የለበትም። እኔም ያደግሁት አያቴ ዘንድ ነው። አንቺ ብትኖሪ ምን ትዪ እንደነበር ለማሰብ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። እሺ አልኩ።

ሁሴን ይሻላል፣ ትንሽ ይሰማል አሉ። ልብሱን ስሸክፍ የትኛው ሱሪ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። እነሱም አያውቁም። ለሁለት ከፈልኩት። ሚኒባሱ ወደ ጎባ ሲነሳ ሐሰን አላለቀሰም። መኪናው እስኪርቅ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ።

በዚያ ምሽት መጽሐፉን ስከፍት መጥቶ ተቀመጠ። እግሩን አጣጥፎ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል አድርጎ። ስንት ወር የለመንኩት ነገር ነው። አነበብኩለት፤ ተረቱ አለቀ። እስከዚያ ቀን መጨረሻውን እኔም አላውቀውም ነበር። ወደድከው ወይ ስለው «እሺ» አለኝ። እሺ ምን ማለት ነው? ግንባሩን ዳሰስኩ፤ ትኩሳት የለውም። በማግስቱም ተቀመጠ። ከዚያም በኋላ። ፀሐይ «ልጁ ጨዋ ሆነልህ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ። አመሰገንኳት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ሳነብለት ድምፄ እያነሰ ሄዶ አንድ ምሽት መሃል ላይ ቆመ። ሐሰን ለምን አቆምክ አላለም። ያቆምኩትንም ያወቀ አልመሰለኝም።

ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ጎባ ሄድኩ። ጎማውን ትቶልኝ የሄደ አንድ ሾፌር ይሰድበኝ ይሆናል፤ ይስደብ። ሁሴን በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አየኝ፤ አልተነሳም። እናትሽ ደስ ብሏቸው «አየኸው? እኔ ጋ ሲመጣ ተቀመጠ። ሲበላ እንኳ ድምፁ አይሰማም» አሉ።

«እማማ፣ ይሄ ሁሴን አይደለም» አልኳቸው። ከአፌ የወጣው ይሄ ብቻ ነው።

ተቆጡ። «ልጅ ማሳደግ ልታስተምረኝ ነው? ዘይነብን ማን ያሳደጋት መሰለህ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሄጄ ሁሴን አጠገብ ቆምኩ። ቆይተው ገቡና ልብሱን ራሳቸው ሸክፈው አመጡ። እጄ ላይ ሲያኖሩት ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ነበር። በዒድ ልጆቹን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ልጆቹን ሳሙ፣ እኔን አላናገሩኝም። እናትሽን አስቀየምኩብሽ፤ ጥሩ አደረግሁ ወይስ አጠፋሁ? ማንን ትደግፊ ነበር? ልጆቹን ስጠይቅ ደግሞ ሐሰን «እኔ ራሱ ጎባ መሄድ ፈልጌ ነበር» አለኝ። ይሄንንስ ምን ልበለው?

ሁሴን የተመለሰ ዕለት ተቀምጠው ያዳመጡኝ ግማሽ ገጽ ነው። ከዚያ ሐሰን ገፋው፣ ሁሴን ነከሰው፣ የጅቡ ገጽ ለሁለት ተቀደደ። ሁለቱንም በጥፊ ልመታ ተነስቼ እንደገና ተቀመጥኩ፤ ማንበቤን ቀጠልኩ።

አሁንም እንደዚያው ነው። ይሮጣሉ፣ አነባለሁ። ይስሙኝ አይስሙኝ እርግጠኛ አይደለሁም። ዘዴሽን ሳላገኘው እቀራለሁ መሰለኝ። አንቺን ግን አልረሳም፤ እነሱም እንዳይረሱሽ፣ ያልተስማሙበትን ሁሉ፣ ቆመሽ ነበር የሚለውንም ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርሽ የሚለውንም፣ ሳላርም እንዲያወሩት እተዋቸዋለሁ። ምሽት ምሽት ደግሞ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ጓሮ ቢሆኑ፣ ጠረጴዛ ሥር ቢሆኑ፣ እኔ የት እንዳለሁ ይወቁ።

የመንትዮቹ አባት፣ ከሮቤ