ከሕፃኑ ኢየሱስ ጎን ያቆምኩት ናስ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለፌሊሳ፤ ሚላን።

እንዴት ነሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? የአሮጊቷ እመቤትሽ ደረጃ አሁንም ያደክምሻል? ብርዱ ገባ ወይስ ገና ነው? በክረምት ጣቶችሽ እንደሚሰነጣጠቁ ልጅሽ አርኔል ነግሮኛል፤ ለመሆኑ የላክሁልሽን የኮኮናት ዘይት ትቀቢያለሽ ወይስ ያንን ውድ ቅባት ነው የምትገዢው? ትበያለሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ ወይስ እዚያ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ትተኛለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለኝም ብዬ እንዳልጽፍልሽ ጉልበትም ጎድሎኛል፣ የኋላ ጥርሶቼም ጎድለውኛል። ከእነሱ በቀር ደህና ነኝ።

ፊደሉ ሲንጋደድ አይተሽ ሕፃን የጻፈው እንዳይመስልሽ፤ የራሴ እጅ ነው። እስከ ዛሬ የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ኮንሲንግ ነበረች። እኔ ስናገር እሷ «ይሄማ ለእህት አይባልም ኒላ» እያለች ግማሹን ታስቀረው ነበር። አንቺም ይህን ሁሉ ዓመት ጨዋ እህት ያለችሽ መስሎሽ ኖረሻል። አሁን ግን በደብሩ አዳራሽ ከመሰሎቼ አሮጊቶች ጋር ፊደል ቆጥሬ ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህ የሚቀነስልሽ ቃል የለም። ስልክ እያለ ለምን ትጽፊያለሽ ትይኝ ይሆናል። በስልክ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ከዚያ አርኔል ስልኩን ከእጄ ይወስደዋል። ወረቀት ላይ ግን እኔ እስክጨርስ ዝም ማለትሽ ግድ ነው።

ባለፈው ወር ደውለሽ ያልሽኝን አልረሳሁትም። «ያንን ቱቦ ባሕር ውስጥ ጣይው፤ የገና በዓል ሲያልፍ ልጄን ወደዚህ እወስደዋለሁ፤ አንቺ እሱን መጠበቅ አልቻልሽም» ብለሽ ዘጋሽብኝ። የአምስት ዓመት ልጅ ትተሽልኝ ሄድሽ፤ ዛሬ ቁመቱ የበሩን መቃን ይነካል። መጠበቅ ባልችል ኖሮ በሩን ሊነካው ባልደረሰ ነበር። ይሁን፣ ወደ ነገሩ ልግባ። ኮንሲንግ መጀመሪያ ተአምር ሆነ አለችሽ፣ ቀጥላ ቤቱ ተቃጠለ፣ የአርኔልም እጅ ተቆረጠ አለችሽ። አንዱም አልሆነም።

እንደምታውቂው አርኔል በጋሽ ኢስኮ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ቀን የታክሲ ጂፖቹን መለዋወጫ ይቀርጻል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከአሮጌ የጀልባ ዘንግ በሚያገኘው ናስ ወጣቶቹ በሲጋራ ፈንታ እንፋሎት የሚስቡበትን ቱቦ ይሠራል። መሳቡን እንደማልወድለት ታውቂያለሽ፤ ሳንባህ የጢስ ማውጫ አይደለም እያልኩ በየቀኑ እጨቀጭቀዋለሁ። ሥራው ግን ሥራ ነው። እንደ ቀለበት ያብረቀርቃል፣ የሚጠመዘዝበት ክር ሲገጣጠም ድምፅ የለውም፤ ከማኒላ ድረስ ሰው ያዝዘዋል።

ሱቅ የሚሸጠው ማጨሻ በውስጡ ሲሞቅ ራሱን የሚያጠፋበት ነገር አለው አሉ። የአርኔል ቱቦ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ባትሪ አለ፣ ከሥሩ የሚጫኑት ቁልፍ አለ፣ ከላይ በሽቦ የተጠመጠመ፣ የፍራፍሬ ሽታ ያለው ፈሳሽ የጠጣ ጥጥ አለ፤ በቃ። ቁልፉ ተጭኖ እስከቆየ ድረስ ባትሪው ያለውን ሁሉ ይሰጣል፤ ደከመኝ አይልም፣ ይበቃኛል አይልም። ስለዚህ ከሥሩ መቆለፊያ ቀለበት አለው፤ ሰውየው ሳይጠቀምበት ሲያስቀምጠው ያንን አዙሮ ቁልፉን እንዳይጫን ያደርገዋል። ጋሽ ኢስኮ ደግሞ ሁልጊዜ ከታች በኩል ትናንሽ ቀዳዳዎች ያስበሳዋል። እኔ በመጀመሪያ ሳየው «ይሄን የመሰለ ሥራ ለምን እንደ ወንፊት ትበሱታላችሁ?» ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ጋሽ ኢስኮም «እትዬ ኒላ፣ ባትሪው የተናደደ ቀን መተንፈሻ ካላገኘ ቱቦው ቦንብ ነው የሚሆነው» አለኝ። እኔም በሆዴ ሰበብ ነው፣ መሰርሰሪያው አዳልጦት ነው አልኩ።

የመንደራችን ንግሥ ዕለት ቤቱን ሳሰናዳ የሕፃኑን ኢየሱስ ሐውልት ልብስ ቀየርኩ፣ መቅረዞቹን በሎሚና በአመድ ወለወልኩ። አንደኛው መቅረዝ ባለፈው ዝናብ ከተሰበረ ወዲህ የእንጨት መቆሚያው ብቻውን ቀርቷል። የአርኔል ቱቦ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ አየሁት። እሱንም ወለወልኩት። እንግዶቹ ማዕድ ሲቀርቡ ያንን የእንጨት መቆሚያ አመጣሁና ቱቦውን ቀጥ አድርጌ አቆምኩበት፤ እንዳይወድቅ ጫን አደረግሁት፣ ከሕፃኑ ጎን አስቀመጥኩት። ለምን ትይኝ እንደሆን፣ ኮንሲንግ እንድታየው ነው። ልጇ ማኒላ ባንክ ገብቷል፤ ከገባ ጀምሮ ዓሣ ስትገዛ እንኳ ባንክ ሳትል አትገዛም። የእኔም ልጅ እጅ አለው፣ ትይ ብዬ ነው።

አርኔል ቀለበቱን ሳያዞር ነው የተወው። እኔ ደግሞ ቁልፉ ከሥር መሆኑን፣ ጫን ሳደርገው አብሮ እንደሚጫን አላሰብኩም። እንግዶቹ ሩዙና ኑድሉ ላይ ነበሩ፣ ወንዶቹ ጓሮ አሳማውን ይቆርጣሉ። ድንገት ኮንሲንግ ሳህኗን ጣለችና «ኢየሱስ ማርያም! እዩ! እዩ!» አለች። ከሕፃኑ ጎን ነጭ ጉም ይወጣል፤ ቤቱ የበሰለ ማንጎ ይሸታል። ኮንሲንግ ተንበረከከች፣ መቁጠሪያዋን አወጣች፣ አራት አምስት ሴቶች ከኋላዋ ተንበረከኩ። «ኒላ ተንበርከኪ እንጂ! አንቺ ልበ ደረቅ! ቤትሽን እየጎበኘው እኮ ነው!» ትለኛለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሽ ጉልበቴን አጥፌ ነበር። ከዚያ የማንጎው ሽታ ወደተቃጠለ ጨርቅ ተለወጠ፤ እኔም ቅዱስ ነገር እንዲህ አይሸትም ብዬ ቀና አልኩ።

አርኔል ሽታው ጓሮ ድረስ ደርሶት ቢላዋውን እንደያዘ ገባ። አየው፤ ፊቱ አመድ ሆነ። «ተነሡ! ሁላችሁም ውጡ! እማማ ኮንሲንግ ይነሡ!» ይላል። እሷ ደግሞ «አንተ ከሐዲ፣ ጸሎት አታቋርጥ!» ትለዋለች። ቢላዋውን ጥሎ፣ የድስት መያዣውን ጨርቅ አንሥቶ ቱቦውን ከመቆሚያው ነቀለና በመስኮት አሽቀነጠረው። ለወጥ ቤቱ ግንባታ ያመጣነው አሸዋ ላይ ወደቀ። ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ ማፏጨት ጀመረ። በእነዚያ ባሾፍኩባቸው ቀዳዳዎች ጢስና ነበልባል እንደ ርችት ወጣ፤ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ፣ ወንዶቹ የበዓሉ ርችት መስሏቸው አጨበጨቡ። አርኔል ማንንም አላስጠጋም፤ ባትሪው ጮሆ ጮሆ እስኪበቃው ጠበቅን። ቱቦው ጠቆረ እንጂ አልፈነዳም።

ኮንሲንግ እጁ ተቆረጠ ያለችሽ መዳፉ ላይ የሎሚ ዘር የሚያህል ውኃ መቋጠሩን ነው። እጁም ድኗል። ቤቱ ተቃጠለ ያለችሽ የመደርደሪያው ዳንቴል ላይ አንድ ክብ ጠባሳ መውጣቱን ነው። ሕፃኑን እዚያ ላይ አቁሜዋለሁ፣ አይታይም።

ማታውኑ ጋሽ ኢስኮ መጣ። አርኔልን ግቢ ውስጥ አቁሞ «ቀለበቱን አዙረህ ነበር?» አለው። «ረስቼው ነው ጋሼ።» «ሱሪህን መታጠቅ ትረሳለህ?» «አልረሳም።» «ሱሪ ብትረሳ የምታፍረው አንተ ብቻ ነህ። ይሄን ብትረሳ የሚያለቅሰው ሌላ ሰው ነው።» እኔ ደጅ ላይ ሆኜ ደግ አደረገ እያልኩ ስሰማ ወደ እኔ ዞረና «እርስዎም እትዬ ኒላ፣ ቁልፉ ከሥሩ ያለ ነገር ቀጥ ተደርጎ አይቆምም፤ ይጋደማል» አለኝ። «በቅዱሱ ፊት የሚጋደም ነገር ነውር ነው» ስለው «እንግዲያው ባትሪውን ያውጡና እንደልብዎ ያቁሙት» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ሕጉ የእኔ ነው። ማንኛውም ቱቦ ከተቀመጠ ባትሪው ይወጣል። ባትሪ ቻርጅ የሚደረገው ሰው ነቅቶ በሚያየው ቦታ፣ ሲሚንቶው ላይ ነው፤ ድሮ እንደሚያደርገው ፍራሽ ላይ ጥዶ ማንኮራፋት ቀረ። የባትሪዎቹን ልባስ ደግሞ እንደ እንቁላል አንድ በአንድ እያገላበጥኩ አያለሁ፤ ያቺ ስስ ላስቲክ ከተቀደደች ባትሪው በጎኑ ከናሱ ጋር ይነካካል፣ ቁልፍ እንኳ ሳይነካ ይግላል። አርኔል «እቴቴ፣ እኔ ቶርኖ ሠሪ አንቺ ጉምሩክ ሆንን» እያለ ይስቃል። ይሳቅ። ግን አሁን ሳልጠይቀው ራሱ እያወጣ ያሳየኛል።

ቤቴ ደጃፍ ያለችው ትንሿ ሱቄም ከሕጉ አልቀረችም። ባለፈው ቦየት የሚባለው ባለ ሦስት እግር ታክሲ ነጂ በረዶ ሊገዛ መጥቶ ሳንቲም ሲያወጣ ባትሪ አብሮ ወጣ። «ባትሪና ሳንቲም አንድ ኪስ?» አልኩት። «ምን ይሆናል እማማ፣ ቻርጁ እኮ ግማሽ ነው።» «ሳንቲሙ ጫፍና ጫፉን ካገናኘው ግማሹም ይበቃሃል። ሱሪህን ሲያነድደው የት እንዳለ አስበሃል? ማን ታገባሃለች ከዚያ?» የተሰለፈው ሁሉ በሳቅ ወደቀ፤ ቦየትም ኪሱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቀላ። ባዶ የሳሙና ማስቀመጫ ሰጠሁት፣ እሱ ውስጥ ይይዘዋል። አሁን ወጣቶቹ ከሩቅ ሲያዩኝ «ኮሚሽነሯ መጡ፣ ባትሪ አሳዩ!» ይባባላሉ። ለማሾፍ ነው፤ እያሾፉ ግን ማስቀመጫ ይገዛሉ። ኮንሲንግ ራሷ ሰው ሲሰማ ተአምሩ ልጁ መትረፉ ነው ማለት ጀምራለች፤ መንበርከኳን ካነሣሁባት ግን ወሬ ትቀይራለች። በየቀኑ አነሣባታለሁ።

አሁን ዋናውን ልጻፍ፤ እጄም ደክሟል። ፌሊሳ፣ በእሳቱ ምክንያት ልጁን እወስዳለሁ አትበይ። እሳቱ ምን እንደነበረ፣ ማን እንዳቆመው፣ ማን እንደጣለው ይኸው ነግሬሻለሁ። ልጁ በደቂቃ ውስጥ ሰው አስወጥቶ፣ እሳቱን ሰው የሌለበት ጥሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይጠጋ ቆሞ ጠብቋል። ያልጠበቁት ልጅ እንዲህ አያደርግም። እሱን ስጠይቀው «እቴቴ፣ ሚላን ውስጥ ቶርኖ ቤት አለ?» አለኝ፤ እናትህን ጠይቃት ብዬዋለሁ። አንቺ የምትይው የእመቤትሽ ዘመድ ምግብ ቤት ሳህን ማጠብ ነው። ናስ የሚቀርጽ እጅ ሳህን ሲያጥብ አንቺ ራስሽ ማየት የምትችይ አይመስለኝም።

ግን ናፈቀኝ ካልሽ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ናፈቀኝ ስትይ አልሰማሁሽም፤ ጫማ ትልኪያለሽ፣ ያውም ልኩ ያልሆነ። በወረቀት ላይ ናፈቀኝ ብለሽ ጻፊልኝ፤ አሁን ማንም ሳያነብልኝ ራሴ አነበዋለሁ። ያን ቀን ሻንጣውን በገዛ እጄ አዘጋጃለሁ፤ ባትሪዎቹን በማስቀመጫ፣ ቱቦዎቹን ባዶአቸውን። ያለዚያ ለገና አንቺ ነይ። ወጥ ቤቱ ያልቃል፣ አሸዋውም ይነሣል።

ለአሮጊቷ እመቤትሽ ሰላም በይልኝ፤ እግሯን ታሙቅ። አብራሽ ለምትኖረው ልጅ ሰላም በይልኝ፤ ስልክ ስታወሪ ቴሌቪዥኑን ትቀንስልን። ከዚህ አርኔል እግርሽን ይስማል፤ ጋሽ ኢስኮ ወንድማዊ ሰላምታ ብሎሻል፤ ቦየትም ሳያውቅሽ ሰላም ብሎሻል። ኮንሲንግ ሰላም ብላሻለች፣ ሳላስቀር ጽፌዋለሁ፤ እሷ ብትሆን ታስቀረው ነበር።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የመንደራችን ልጅ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገርም ትሰጥሻለች። ያ የጠቆረው ቱቦ ነው። አርኔል አጥቦ፣ መልሶ ወልውሎ ለሁለት ቆረጠውና ለያንዳንዱ ግማሽ እግር ሠራለት። ሻማ ልክ ባትሪው የነበረበት ቦታ ይገባል። የላይኛው ግማሽ እዚህ ከሕፃኑ ጎን ቆሟል። ቀዳዳዎቹ ያሉበትን ግማሽ ለአንቺ ላክሁልሽ፤ ልጅሽን ያተረፉ ቀዳዳዎች ናቸውና ደጋግመሽ እያቸው። ውስጡ ባትሪ የለም፤ እንደልብሽ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው።

ታላቅ እህትሽ
ሌዮኒላ

ሌመሪ፣ ባታንጋስ
ኖቬምበር 19 ቀን 2017